የሰፈር ፐብ የእሁድ ሮስት እቤት እንዴት ይሠራል? ከሥጋው እስከ ግሬቪው

ደቡብ ለንደን ውስጥ የሰፈር ፐብ (መጠጥም ምግብም የሚሸጥ ቤት) ኪችን ነው የምሠራው፣ እሁድ እሁድ ኦቨን ውስጥ የተጠበሰ ሥጋ ከድንች፣ ከአትክልትና ግሬቪ ከሚባለው የሥጋ ጭማቂ መረቅ ጋር እናወጣለን፣ እና የሚያውቀኝ ሀበሻ ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው፤ «የናንተን የእሁድ ሮስት እቤት ስሞክረው ለምንድነው እንደዛ የማይሆነው?» ሥጋው ይደርቃል፣ ድንቹ ይልፈሰፈሳል፣ ያቺ ዮርክሻየር ፑዲንግ የምትባለዋ፣ ከእንቁላል፣ ከወተትና ከዱቄት የምትጋገረዋ ደሞ ተነፍታ ተነፍታ ሳህን ላይ ስትደርስ ቁጭ ትላለች። ለእያንዳንዱ በቮይስ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ከዚህ በኋላ ለጠየቀኝ ሁሉ ይሄንኑ ልላክ።

መጀመሪያ ግልጽ እናርገው፣ ፐቡ የሚደብቀው ቅመም የለም። ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ትንሽ የጥብስ ቅጠል፣ በቃ። ልዩነቱ ኦቨን ውስጥ ምን መቼ እንደሚገባና መቼ እንደሚወጣ ነው፤ ሰው እቤት ሁሉንም ባንዴ ይከትና ኦቨኑ ይጨናነቃል፣ እንፋሎት ይሞላዋል፣ የተጠበሰ ሳይሆን የተቀቀለ ነገር ይወጣል።

ከታች ያለው ለ6 ሰው ነው፣ አንድ ኦቨን ብቻ ላለው ሰው። ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፣ ምሳ 8 ሰዓት ማለት ስልካችሁ ላይ 14:00 ነው። ሙቀቱ የተራ ኦቨን ነው፤ ፋን ያለው ከሆነ ከሁሉም ላይ 20 ዲግሪ ቀንሱ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የበሬ ሥጋ፦ 1.5 ኪሎ ቶፕሳይድ (የኋላ እግር ሥጋ)። በክር ታስሮ ነው የሚሸጠው፣ ክሩን አትፍቱት፣ እኩል እንዲበስል ቅርጹን የሚይዘው እሱ ነው። ኪስ ከፈቀደ ሰርሎይን (ሽንጥ) ወይም ሪብ (ጎድን) ይበልጣል።
- ድንች፦ 1.5 ኪሎ፣ ማሪስ ፓይፐር ወይም ኪንግ ኤድዋርድ የሚል የተጻፈበት። ትናንሾቹ ኒው ፖቴቶ አይሆኑም፣ ውስጣቸው ዱቄት ዱቄት አይልም፣ ላያቸውም አይሻክርም።
- ለፑዲንጉ፦ 4 እንቁላል፣ 200 ሚሊ ወተት፣ 140 ግራም ፕሌን የሚባለው የፉርኖ ዱቄት፣ ቁንጥር ጨው። ሰልፍ ሬይዚንግ የሚለውን (ቤኪንግ ፓውደር የተቀላቀለበትን) ተዉት።
- የሱፍ ዘይት ወይም ድሪፒንግ የሚሉት የቀለጠ የበሬ ሞራ።
- 2 ሽንኩርት፣ 5 ወይም 6 ካሮት፣ ፓርስኒፕ (ነጭ ካሮት የሚመስለው) ካገኛችሁ፣ ግማሽ ጥቅል ጎመን።
- ለግሬቪው፦ 2 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት፣ 700 ሚሊ የበሬ ስቶክ፣ ማለትም መረቅ (በኪዩብ ይሆናል)።
- የጥብስ ቅጠል፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ከሥጋው ጋር ለመብላት ሆርስራዲሽ ሶስ (የሚያቃጥል ነጭ ሶስ)።
- ዕቃ፦ ወፍራም የኦቨን ትሪ 2፣ ለካሮቱ አንድ ሌላ ትሪ፣ ባለ 12 ጉድጓድ የመፊን ትሪ፣ ፎይል፣ ወንፊት፣ እና የሥጋ ቴርሞሜትር። ቴርሞሜትሩን አትዝለሉት፣ ርካሽ ነው፣ ሥጋ በማድረቅ ከምታጡት ብር ያንሳል።

አሠራሩ

1. ቅዳሜ ማታ ሥጋውን ጨው አስይዙት። በወረቀት ፎጣ በደንብ አድርቃችሁ 2 ወይም 3 የሻይ ማንኪያ ጨው ዙሪያውን እሹት፣ ሳትሸፍኑ ፍሪጅ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አሳድሩት (ታችኛው ያልኩት የጥሬ ሥጋ ውሃ ሌላ ምግብ ላይ እንዳይንጠባጠብ ነው)። ጨው መጀመሪያ ውሃ ያወጣል፣ ካደረ ግን ያ ውሃ ጨውን ይዞ ተመልሶ ይገባል፣ ላዩ ደሞ ደርቆ ያድራል። ደረቅ ላይ ነው ቡናማ ቀለም የሚይዘው፤ እርጥብ ሥጋ ኦቨን ሲገባ መጀመሪያ ውሃውን ሲያተን ነው ጊዜውን የሚፈጀው።

2. 4:30 ላይ ሥጋውን ከፍሪጅ አውጡ፣ የፑዲንጉንም ሊጥ አሁኑኑ ምቱት። እንቁላሉንና ዱቄቱን መጀመሪያ ብቻቸውን የጓጎለ ነገር እስኪጠፋ ምቱ፣ ከዛ ወተቱን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፤ ወተቱን ቀድማችሁ ከጨመራችሁ የጓጎለውን ማጥፋት ፈተና ነው። ውፍረቱ ክሬም ያህል ይሁን። ከዛ ተዉት፣ እስኪጋገር ይቀመጥ፣ ዱቄቱ ፈሳሹን እስኪጠጣ ነው የምንጠብቀው። ሊጡን ጆግ ውስጥ አርጉት፣ በኋላ ስትቀዱ ትባርኩኛላችሁ።

3. 5:20 ላይ ኦቨኑን 220 ላይ አብሩት፣ 5:40 ላይ ሥጋው ይግባ። ሽንኩርቱን በወፍራሙ ቁረጡና ትሪው ላይ አንጥፉት፣ ካሮት ጫፍ ጫፉንም ጣሉበት፣ ሥጋውን ሞራው ወደላይ አርጋችሁ እላዩ ላይ አስቀምጡ፣ ዘይት ቀባ አርጋችሁ ቁንዶ በርበሬና የጥብስ ቅጠል ነስንሱበት። ሽንኩርቱ ሥጋው ትሪውን ነክቶ እንዳያርር ይከላከላል፣ ከዛ በላይ ግን የግሬቪው ቀለም የሚመጣው ከሱ ነው።

4. 6 ሰዓት ላይ ሙቀቱን ወደ 180 አውርዱ። የመጀመሪያው 20 ደቂቃ ላዩን ለማቅላት ነበር፣ እንደዛው ከቀጠለ ዳሩ ደርቆ መሃሉ ጥሬ ይሆናል። መሃል ላይ ትሪውን አንዴ እዩት፣ ሽንኩርቱ መጥቆር ከጀመረ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ጨምሩ። ያረረ ሽንኩርት ግሬቪውን ይመርርና ከዛ በኋላ ምንም ብታርጉ አይድንም።

5. 6:35 ላይ ድንቹን ቀቅሉ። ልጣችሁ እንደ መጠኑ ለሁለት ወይም ለሦስት ቆርጣችሁ በቀዝቃዛ ጨው ባለው ውሃ ጀምሩት፣ ከፈላ በኋላ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ። ቢላ ዳር ዳሩ ላይ በቀላሉ ሲገባ መሃሉ ላይ ትንሽ ሲይዝ አውጡት። አጥልሉትና ድስቱ ውስጥ መልሳችሁ ክዳኑን ያዙና ሁለት ሦስቴ ነቅነቅ አርጉት፣ ላዩ እስኪሻክርና እስኪፈርስ ድረስ፣ እዚህ ጋ አትሳሱ። ያ የፈረሰው ላዩ ነው ዘይት ጠጥቶ ኩርሽም የሚለው። ከዛ ክዳኑን አንስታችሁ እንፋሎቱ እስኪያልቅ 10 ደቂቃ ይናፈስ፤ ሰው የሚዘለው ይቺን ነው፣ የሚልፈሰፈሰውም በዚች ምክንያት ነው። የተቀቀለበትን ውሃ አትድፉት፣ ግሬቪው ላይ እንፈልገዋለን።

6. 7 ሰዓት ላይ ሥጋው ይውጣ። ቴርሞሜትሩን ወፍራሙ ቦታ መሃል ድረስ ሰክታችሁ አንብቡ። 52 ካለ መሃሉ ቀይ ሮዝ ነው፣ 60 ካለ ፈካ ያለ ሮዝ፣ 68 አካባቢ ሙሉ በሙሉ የበሰለ። ከወጣ በኋላም 3 እስከ 5 ዲግሪ በራሱ ይጨምራል፣ ስለዚህ የምትፈልጉት ላይ ሳይደርስ ነው የሚወጣው። በዚህ አቆጣጠር 1.5 ኪሎ ሥጋ 60 አካባቢ ላይ ይደርሳል፤ በደንብ የበሰለ የምትወዱ 20 ደቂቃ ያህል ቀድማችሁ አስገቡት። (ቁርጥ በዳጣ ሲበላ የኖረ ሰው መሃሉ ሮዝ የሆነ ሮስት ሲያይ «ይሄማ ጥሬ ነው» ብሎ ሳህኑን ሲመልስ ሁሌ ይገርመኛል።)

ሥጋውን ወደ ሌላ ሳህን አዛውሩና በፎይል ላላ አርጋችሁ ሸፍኑት፣ ጥብቅ ካረጋችሁት የቀላው ላዩ በእንፋሎት ይረጥባል። 50 ደቂቃ ይተኛል፣ አትፍሩ አይቀዘቅዝም፣ ለብ ብሎ ይቆያል፣ የሚያሞቀው ግሬቪው ነው። ወዲያው ከቆረጣችሁት ውሃው ሁሉ ጣውላው ላይ ይቀራል። ሌላው ጥቅሙ ደሞ ኦቨኑ አሁን ባዶ ሆነ ማለት ነው፣ እኛም ፐብ ውስጥ የምናረገው ይሄንኑ ነው፣ ሥጋው ሲያርፍ ድንቹና ፑዲንጉ ተራቸውን ያገኛሉ።

7. ኦቨኑን መልሳችሁ 220 አርጉና ሁለተኛውን ትሪ ዘይት ጨምራችሁ አስገቡ፣ ታችኛውን በስሱ የሚሸፍን ዘይት። 7:10 ላይ ድንቹን ዘይቱ ውስጥ አስገቡ፣ ሲነካ «ችስስ» ብሎ ካልጮኸ ዘይቱ አልጋለም ማለት ነው፣ መልሱት። በቀዝቃዛ ዘይት የገባ ድንች ዘይት ይጠጣል እንጂ አይጠበስም። ድንቹን አራርቁት፣ ካልበቃችሁ ሁለት ትሪ ተጠቀሙ። ካሮትና ፓርስኒፑንም ዘይት አስነክታችሁ በሌላው ትሪ እታችኛው መደርደሪያ ላይ ክተቱት።

8. 7:20 ላይ የመፊን ትሪውን እያንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አስገቡ። 7:33 ላይ ሦስት ነገር ቶሎ ቶሎ፦ ድንቹን አገላብጡ፣ የመፊን ትሪውን አውጡና ሊጡን ከጆጉ ግማሽ ግማሽ ቅዱበት፣ መልሳችሁ አስገቡና በሩን ዝጉ። ከዚህ በኋላ ለ22 ደቂቃ በሩ አይከፈትም። አይከፈትም። ፑዲንጉን ወደላይ የሚገፋው ሊጡ ውስጥ ያለው ውሃ በአንዴ እንፋሎት ሲሆን ነው፣ ቤኪንግ ፓውደር የለውም፤ ግድግዳው ሳይደርቅ ቀዝቃዛ አየር ከነካው እንፋሎቱ ይጠፋና ይወድቃል። መብራቱን አብርታችሁ በመስታወቱ እዩ። ጥቁር ቡናማ ሲሆን ነው የሚወጣው፣ ወርቃማ ሲሆን ደረሰ ብሎ የሚያወጣ ሰው ነው ቁጭ አለብኝ የሚለው።

9. እነሱ ሲጋገሩ ግሬቪው። የሥጋውን ትሪ አዘንብሉና ከላይ የተንሳፈፈውን ስብ ቅዱ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ያህል ብቻ አስቀሩ። ትሪውን ምድጃ ላይ መካከለኛ እሳት አርጉ (የማይሆን ትሪ ከሆነ ሁሉንም ፍቃችሁ ወደ መጥበሻ)፣ ዱቄቱን ጨምሩና ጥሬ ጥሬ ማለቱ እስኪጠፋ 2 ደቂቃ አማስሉ። ስቶኩን ቀስ በቀስ ጨምሩ፣ በእንጨት ማንኪያ ከስር የተጣበቀውን ቡናማ ነገር ሁሉ ፍቁት፣ ጣዕሙ ያለው እዛ ነው። 10 ደቂቃ ይንተክተክ። ከወፈረ ያስቀመጣችሁትን የድንች ውሃ ጨምሩ፣ ግን ውሃውም ኪዩቡም ጨው አላቸው፣ ስለዚህ ሳትቀምሱ ጨው እንዳታስነኩት። መጨረሻ ላይ ያረፈው ሥጋ ያወጣውን ጭማቂ ድፉበትና በወንፊት አጥልሉት።

10. 7:50 ላይ ጎመኑን በትንሽ ውሃ 4 ደቂቃ አብስሉ፣ ሳህኖቹን በፈላ ውሃ አሙቁ፣ ሥጋውን ፍቱና ቁረጡት። ክሩ (የሥጋውን ክር ነው የምለው፣ የታሰረበትን አይደለም) በሄደበት አቅጣጫ ሳይሆን በአግድሙ፣ የቻላችሁትን ያህል አሳስታችሁ። ቶፕሳይድ የእግር ሥጋ ስለሆነ በክሩ አቅጣጫ ወፍራም ከተቆረጠ ማስቲካ ነው። ፑዲንጉ ከኦቨን በቀጥታ ሳህን ላይ፣ ግሬቪው መጨረሻ ላይ፣ ድንቹ ላይ ግን አታፍስሱ፣ ያን ሁሉ የለፋችሁበትን ኩርሽምታ ታጠፉታላችሁ።

ተጠንቀቁ

የጋለ ዘይት ያለበትን ትሪ ስታወጡ ልጆች ኪችን ውስጥ አይኑሩ፣ ጓንቱም ደረቅ ይሁን። እርጥብ ጓንት ሙቀቱን ወዲያው ያሳልፋል። ውሃ ያልጠፈፈ ድንች ዘይቱን ፊታችሁ ላይ ይረጨዋል። መስኮት ክፈቱ፣ 220 ላይ ዘይት ትንሽ ይጨሳል፣ የጭስ አላርሙ ቢጮህ አይግረማችሁ።

የተረፈውን ስብ ሲንክ ውስጥ አትድፉ። ሲቀዘቅዝ ይረጋና ቱቦውን ይደፍነዋል። ማሰሮ ወይም ቆርቆሮ ውስጥ አቀዝቅዛችሁ ቆሻሻ ጣሉት፣ ወይ ፍሪጅ አስቀምጣችሁ ለሚቀጥለው ድንች ተጠቀሙበት።

በበሬ ፋንታ ዶሮ ለምትሠሩ፦ ይሄን ስናገር ከእናቶች ጋር እንደምጣላ አውቃለሁ፣ ግን ዶሮውን ቧንቧ ስር አትጠቡት። የእንግሊዝ የምግብ ደህንነት መሥሪያ ቤትም አትጠቡ ነው የሚለው፣ ምክንያቱም ካምፒሎባክተር የሚባለው ባክቴሪያ ከውሃው ጋር ሲንኩ ላይ፣ ሰሐኑ ላይ፣ ልብሳችሁ ላይ ይረጫል፤ የሚገድለው እሳቱ ነው እንጂ ሎሚው አይደለም። በወረቀት ፎጣ አድርቁት፣ ሎሚውን ሆዱ ውስጥ ክተቱት። ታፋው ጋ ያለው ወፍራሙ ሥጋ 75 ዲግሪ ሲደርስ በስሏል፤ ዶሮ ላይ ሮዝ የሚባል ነገር የለም።

የተረፈውን ሥጋ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቡ፣ በ2 ቀን ጨርሱት።

ብዙ የሚሳሳቱበት

«በቅቤ ብሠራውስ?» የሚለው ጥያቄ አያልቅም። ያልተነጠረ ቅቤ 220 ላይ ያራል። የተነጠረ ሙቀቱን ይችለዋል፣ ድንቹ ላይ ቆንጆ ነው፣ ግን ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት ከሆነ ሌላ ምግብ ነው የሚሆነው፤ ይጣፍጣል፣ ሮስት ግን አይደለም።

ፑዲንጉ ካልተነፋ ከሁለት አንዱ ነው፣ ዘይቱ አልጋለም ወይ በሩን ከፍታችሁታል። ሊጡን አትጠርጥሩት።

ሥጋው በክብደቱ ሲታይ ሰዓቱ ደርሶ ቴርሞሜትሩ ግን 45 ላይ ከሆነ ሰዓቱን ሳይሆን ቴርሞሜትሩን እመኑ። የኦቨን ቁጥር ይዋሻል፣ የአሮጌ ቤት ኦቨን ደሞ በጣም ይዋሻል።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ለምትሞክሩ፦ እዛ ከፍታው የተነሳ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሚፈላ ድንቹ ቶሎ አይበስልም፣ 12 እስከ 15 ደቂቃ ስጡትና በቢላ እየወጋችሁ እዩ። ሥጋው ደሞ እዚህ ከታረደ በኋላ ብዙ ጊዜ 21 ወይም 28 ቀን ቆይቶ ነው የሚሸጠው፣ ለዛ ነው የሚለሰልሰው። የዛሬ እርድ ገዝታችሁ ዛሬውኑ ሮስት ካረጋችሁት መንጋጋችሁ ይደክማል። ከሽንጥ በትልቁ ሳይከተፍ አስቆርጡና ጨው አስይዛችሁ ሁለት ሦስት ቀን ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ፣ ከዛ ሳሳ አርጋችሁ ቁረጡ። ፓርስኒፕ ካጣችሁ ካሮትና ቀይ ሥር ይበቃል።

«ይሄ ሁሉ ከሚሆን ፐቡ ሄጄ ልብላ» ላላችሁ

ትክክል ናችሁ፣ ብቻ አካሄዱን እወቁት። ሐሙስ ወይም አርብ ደውላችሁ ጠረጴዛ ያዙ፣ ታዋቂ ሮስት ያለው የሰፈር ፐብ እሁድ ዝም ብሎ ለመጣ ሰው ቦታ የለውም። ሮስቱ ብዙ ጊዜ ከ6 ሰዓት ጀምሮ ነው የሚወጣው፣ ጠዋት የተጠበሰው ሥጋ ካለቀ አለቀ፣ እንደገና አይጠበስም፣ ስለዚህ 10 ሰዓት ላይ ሄዳችሁ «የበሬ የለም» ብትባሉ አትቀየሙን። ብዙ ፐብ አስተናጋጅ መጥቶ እስኪጠይቅ ቁጭ አይባልም፣ የጠረጴዛ ቁጥር አይታችሁ ባሩ ጋ ሄዳችሁ ታዛላችሁ፣ እዛው ትከፍላላችሁ። ሰልፍ የሚመስል ነገር ባይኖርም ማን ቀድሞ እንደቆመ ሁሉም ያውቃል፣ ተራችሁን ጠብቁ፣ እጅ ማወዛወዝ፣ ማፏጨት የለም።

የማይጠጣ ሰው ፐብ ምን ይሠራል አትበሉ፣ ላይም ኤንድ ሶዳ አዝዞ ሮስቱን በልቶ የሚሄደው ብዙ ነው።

የሚበሉትን ለሚመርጡ ደሞ ይሄ ዋና ነገር ነው። ፐቡ 14 አይነት አለርጂ የሚያመጡ ነገሮችን የመናገር ግዴታ አለበት፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ስንዴ ምናምን። የከብት ሞራና የአሳማ ሥጋ ግን እዛ ውስጥ የሉም፣ ስለዚህ ካልጠየቃችሁ ማንም አይነግራችሁም። ድንቹ በዝይ ወይም በበሬ ስብ ተጠብሶ ሊሆን ይችላል፣ ከዶሮው ጋ የሚመጣው ስተፊንግ (ዶሮ ሆድ ውስጥ የሚሞላው ዓይነት) የአሳማ ሥጋ ሊኖርበት ይችላል፣ ግሬቪው ለሁሉም ሮስት አንድ ሊሆን ይችላል። ሙስሊሞች ሥጋው ሐላል ነው ወይ ብላችሁ ቀጥታ ጠይቁ፣ አብዛኛው ፐብ አይደለም። ፆም ላይ ያላችሁ ነት ሮስቱን (በሥጋ ፋንታ በለውዝ ዓይነቶች የሚሠራውን) ስታዩ «ቬጀቴሪያን ነው» በሚለው አትታለሉ፣ እንቁላልና ቺዝ ሊኖርበት ይችላል፣ ቪገን (ከእንስሳ የሚገኝ ምንም የሌለበት) ብላችሁ ጠይቁ፤ ፑዲንጉ እንቁላልና ወተት ስለሆነ ይቅርብን በሉ፣ በሱ ፋንታ አትክልት ጨምሩልን ብትሉ ደስ ብሎን ነው የምንጨምረው። ብቻ ስታዙ ንገሩን፣ ሳህኑ ከወጣ በኋላ አይደለም፣ እሁድ 8 ሰዓት ላይ ኪችኑ ውስጥ መተንፈሻ የለም።